መልስ፦ አልጄሪያ፣ ኦራን ከተማ የነበረ የፈረንሳይ ሰፋሪ ቤተሰብ ዘሮች ከ1962 በኋላ የት ገቡ?
የባለቤትህን አያት ወንድም ዘሮች ለማግኘት ፍለጋውን ከአልጄሪያ አትጀምር፤ ከሰውዬው ሞት ጀምር። እንዳልከው በ1908 ኦራን ተወልዶ፣ አልጄሪያ ነፃ ስትወጣ በ1962 ወደ ፈረንሳይ ከተሻገረ፣ የሞተው ፈረንሳይ ሳይሆን አይቀርም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ ተቋም፣ ኢንሴ፣ ከ1970 ወዲህ የሞቱትን ስም ዝርዝር በነፃ ለቋል። ስሙንና የትውልድ ዓመቱን አስገብተህ ፈልግ። ካለ የሞተበት ከተማ ይወጣልሃል።

ከዚያ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ጻፍና የሞት መዝገቡን ሙሉ ቅጂ ጠይቅ። ለማንም ይሰጣሉ፣ ክፍያም የለውም። ዓይንህ ሞቱን ያስመዘገበው ሰው ስም ላይ ይሁን። ልጅ ወይም አማች ከሆነ መንገዱ ተከፈተልህ። አንዳንዴ ግን የቀብር ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ያርፈዋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወደ ልደት መዝገቡ ሂድ። ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ ያለው የባሕር ማዶ ግዛቶች ቤተ መዛግብት የአልጄሪያን መዝገቦች ስካን አድርጎ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አታንብብ፤ ዳር ላይ በሌላ እጅ ጽሑፍ የተጨመረችውን ማስታወሻ እያት። ከ1897 ወዲህ ጋብቻ፣ ከ1945 ወዲህ ሞት እዚያ ይጻፋል። ዳሩ ባዶ ከሆነ፣ ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ ያለው ማዕከላዊ የሲቪል ምዝገባ ቢሮ ቅጂ እንዳለው ጠይቅ። ልደቱ 75 ዓመት ስላለፈው የዝምድና ማስረጃ አምጣ አይሉህም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ኦራን ከስፔን የመጡ ሰፋሪዎች የበዙባት ነበረች፤ አንዱን ስም ብዙ ሰው ይጋራዋል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ የማላውቀውን ሰውዬ ልጆች ስከተል ከርሜያለሁ። የሰውዬው እናት ስም ሳይገጥምልህ ማንም ቤት እንዳትደውል።