የአያት ቃልና የደወሉ ዓመት

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው የገጠር ቀበሌያችን አንዲት ትንሽ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። አያቴ «የተከሏት አቡነ መስያስ ናቸው» ይሉ ነበር፤ ደወሏ ላይ ግን በላቲን ፊደል ከተቀረጸ ጽሑፍ ጋር 1957 የሚል ዓመት ይነበባል። ታሪኳን ጽፈን ለልጆቻችን ልናቆይ አስበናልና የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንዱን ይዘው ሌላውን ከመጣልዎ በፊት ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑን ማጣራት ይኖርብዎታል።

ኢጣሊያዊው የካፑቺን መነኩሴ አቡነ መስያስ ሸዋ የደረሱት በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የተቀበሏቸውም ከደብረ ብርሃን እምብዛም በማትርቀው በልቼ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ እዚያው ልቼ ላይ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ሚሲዮናውያኑ ከሸዋ እንዲወጡ ተወሰነ፤ አቡነ መስያስም በ1871 ዓ.ም. ሸዋን ለቀቁ። ስለዚህ አያትዎ ያቆዩልዎ እምነቱ ወደ ቤተሰባችሁ የገባበትን ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕንፃው ከተሠራበት ዘመን የተለየ ጉዳይ ነው።

በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌም ሊዘነጋ አይገባም። ድንጋጌው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በብዛት በሚኖሩባቸው አገሮች የውጭ ሚሲዮኖች እንዳይሰብኩ ከልክሎ፣ ሐኪም ቤትና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ግን ይፈቅድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ የቆየ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ካለ፣ የእርሱ ታሪክ ከእርሷ ታሪክ ጋር ተያይዞ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ደወሉ ደግሞ፣ ጽሑፉ በላቲን ፊደል ከሆነ ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑ አይቀርም፤ በእኛ አቆጣጠር 1949 ወይም 1950 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህም ደወሉ የተሠራበት እንጂ ቤተ ክርስቲያኗ የተተከለችበት ዓመት ላይሆን ይችላል፤ ደወል ተገዝቶ ወይም ከሌላ ቦታ ተሰጥቶ ዘግይቶ ሊሰቀል ይችላልና።

ከሁሉ ይልቅ የምንተማመነው በጥምቀት መዝገቡ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቆሞሱ፣ ማለትም የቁምስናው (የአጥቢያው) ኃላፊ ካህን፣ የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ የእናንተዋ በሌላ ቁምስና ሥር የምትተዳደር ከሆነች መዝገቡ የሚገኘው በዋናው ቁምስና ነው። ቆሞሱን አስፈቅደው ሲያዩት የተጠማቂውን ስም ብቻ ገልብጠው አይመለሱ፤ የክርስትና አባትና እናት ስም፣ የመጡበት መንደር እንዲሁም ያጠመቀው ካህን ፊርማ፣ ከቀያችሁ ሰዎች ማን ቀድሞ እንደተጠመቀና ካህኑ ከየት እየመጣ ያገለግል እንደነበር ያመለክታሉ። ቀኑ በፈረንጅ የተጻፈ ከሆነ፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ እንቁጣጣሽ 8፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሣቸው መጨረሻ ደግሞ 7 ዓመት ይቀንሱ። የአያትዎንም ቃል ማን እንደነገራቸው ጭምር ጠቅሰው በሚጽፉት ታሪክ ውስጥ ያስፍሩት፤ መዝገቡ ሲገኝ የሚመሳከረው ከእርሱ ጋር ነው።