ሶፍቱን ማን ጨረሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ካፌ አለችኝ። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፤ ወንዱም ሴቱም በእሱ ይጠቀማል። ጠዋት የሰቀልኩት ጥቅል ሶፍት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል። ቢቸግረኝ ሶፍቱን አንስቼ ሒሳብ ተቀባይዋ ጋ አስቀመጥኩትና የፈለገ ሰው ጠይቆ እንዲወስድ አደረግሁ። አሁን ደግሞ የጠረጴዛው ናፕኪን በእጥፍ መጥፋት ጀመረ፤ ባለፈው ሳምንትም መጸዳጃው ተደፈነ። ሰዉ ስግብግብ ሆኖ ነው ወይስ እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ?
የካፌ ባለቤት፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ አይቀየሙኝና ያጠፉት ነገር አለ። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ነው እንዲህ የምደፍረው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጽዳት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሶፍቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ወገቤ ላይ አስሬ እዞር ነበር። አንድ ቀን ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገቡና ዙሪያውን ቃኙ፤ ያለችው አስተናጋጅ ልጅ እግር መሆኗን ሲያዩ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሻይ አዘዙ። ሻዩን አልቀመሱትም፤ አብሮ የቀረበላቸውን ናፕኪን በእጃቸው ጨብጠው ወደ ጓሮ ሄዱ። ያን ዕለት ማታ ቁልፉን ከወገቤ ፈታሁት።

ሶፍት ስጡኝ ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እርስዎም ያውቁታል። ያፈረ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናፕኪን ይዞ ይገባል። ናፕኪንዎ የጠፋውም፣ መጸዳጃው የተደፈነውም በዚሁ ይመስለኛል።

ሁለቱ ወረቀቶች መልካቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የመጸዳጃ ሶፍት ውኃ ሲያገኘው እንዲበተን ሆኖ የተሠራ ነው፤ ናፕኪንና የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ግን ረጥበውም እንዳይቀደዱ ማጠንከሪያ ይጨመርባቸዋል። በሁለት ብርጭቆ ውኃ ይሞክሩት። በአንዱ ሶፍት፣ በሌላው ናፕኪን ከተው በማንኪያ ያማስሉ። ሶፍቱ እንደ አጥሚት ሲሆን ናፕኪኑ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀራል። የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያማ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር የፍሳሽ መስመር ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን የረጋ ስብና የእርጥብ መጥረጊያ ክምር ተገኝቶ፣ ሠራተኞች እየቆፈሩ ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። የእርስዎ ቧንቧ ደግሞ ከለንደኑ አይሰፋም።

ሰውን ስግብግብ ከማለትዎ በፊት የቆሻሻ ቅርጫቱን ይመርምሩ። ጓንት ያድርጉ፣ የአንድ ቀኑን አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይዘርግፉት። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ እኔ ግን ከወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ያ ቅርጫት ነው። አብዛኛው ወረቀት ለተገዛበት ነገር አልዋለም ነበር። አቧራ የያዘው ጫማ የተወለወለበት ነው። ጫፍ ጫፉ ብቻ የረጠበው የመቀመጫው ጠርዝ የደረቀበት ነው፤ መቀመጫው ሁልጊዜ ውኃ ነበረና። ደረቅ ሆኖ የተጨማደደው የበሩ እጀታ የተያዘበት ነው፤ እጀታው ያጸይፍ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። በሰፊው ተነጥፎ የተጣለው የሴቶች ቦርሳ ያረፈበት ነው፤ ቦርሳ የሚሰቀልበት መንጠቆ አልነበረንማ። ገና ግማሽ ያልደረሰ ጥቅል እንዳለ ርሶ ያገኘሁበትም ቀን ብዙ ነው፦ መስቀያው ተሰብሮ ስለነበር ጥቅሉን ከውኃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ አለቀ።

እንግዲህ የሶፍቱን ወጪ የቀነሰልኝ ሶፍት አልነበረም። ጠንካራ መስቀያ፣ ሁለት መንጠቆ፣ ውኃ መግፊያ ጎማ ያለው የወለል መጥረጊያ፣ ደጃፉ ላይ ጫማ የሚወለወልበት አሮጌ ጨርቅ፣ ለእጀታው ደግሞ ጠዋትና ማታ በበረኪና የራሰ ጨርቅ። በቃ።

ከሁሉም የበለጠ ወረቀት የሚፈጀው ግን እጅ ማድረቅ ነው። ሰው ውኃው ጠብ ጠብ በሚል እጁ አምስት ስድስት ወረቀት አንድ ላይ ይስባል፤ የላይኛው ይረጥባል፣ የታችኛው ደረቅ እንደሆነ ይጣላል። ጆ ስሚዝ የተባሉ የአሜሪካ ኦሪገን ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 መድረክ ላይ ቆመው ያሳዩት ዘዴ አለ፦ እጅን አሥራ ሁለት ጊዜ ማራገፍ፣ ከዚያ አንዲት ወረቀት ብቻ ወስዶ ለሁለት አጥፎ ማድረቅ። እጥፋቱ መሐል ውኃ ስለሚይዝ አንዷ ትበቃለች። እኔ ስሰማው ሳቅሁ፤ እናቴ ከማስታጠቢያው ሥር «አራግፉ!» እያለች የምትቆጣን ለዚህ ኖሯል። ማራገፉ ታዲያ ወደ ገንዳው ውስጥ ይሁን፤ ወለሉ ላይ ከሆነ ያንኑ የመቀመጫ ጣጣ ይመልሰዋል። በመስተዋቱ አጠገብ «ያራግፉ፤ አንድ ይበቃል» ብለው በትልቁ ይጻፉ። «ማባከን ክልክል ነው» ብለው ግን አይጻፉ፤ ክልክል የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ተጨማሪ እንደሚስብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ውኃው አልጻፉልኝም። ቧንቧው የሚደርቅበት ቀን ካለ ሶፍት ያለ ልክ የሚያልቀው ያን ቀን ነው። ከሥሩ ቧንቧ ያለው በርሜል ያስቀምጡ፤ መጸዳጃው ውስጥ ደግሞ ንጹሕ ጆግ አይታጣ። በውኃ መታጠብ ልማዱ የሆነ ደንበኛ ሞልቷል፤ ለሙስሊም ደንበኞችዎ ደግሞ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ውኃ ያገኘ ሰው ወረቀት የሚፈልገው ለማድረቅ ያህል ብቻ ነው።

ጥቅሉን ሲሰቅሉ በመዳፍዎ ጫን ብለው ትንሽ ጠፍጠፍ ያድርጉት። ሙሉ ክብ የሆነው አንዴ ሲስቡት ተሽከርክሮ ሁለት ሜትር ይለቃል፤ የተጠፈጠፈው ግን እየያዘ ይመጣል። ጫፉ በፊት በኩል ይውረድ ወይስ በግድግዳው በኩል የሚለው ክርክር እኛም የሆቴል ሠራተኞች ዘንድ ነበር። አሜሪካዊው ሴዝ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1891 ባስመዘገበው የጥቅል ሶፍት ፈጠራ ሥዕል ላይ በፊት በኩል ነው የሚወርደው፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እርጥብ እጅ ግድግዳ አይዳብስም። ሲገዙም የጥቅሉ ትልቀት አያታልልዎ። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ሶፍት ግዙፍ ይመስላል፤ ሚዛን ላይ ያስቀምጡትና የክብደቱን ያህል ይክፈሉ።

ያገለገለው ወረቀት ክዳን ባለው ቅርጫት ይጠራቀም፤ ሜዳ ላይ አይደፋ። ዝናብ ሲመጣ የመንገዱ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሐይቃችን ደግሞ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው እዚያው ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትሄዱ አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ በመንቆሩ ምን ምን እንደሚያገላብጥ ልብ ብላችሁ እዩ።

ቅርጫቱን ከፍተው ያገኙትን ይጻፉልኝ፤ የካፌ ቅርጫት ከሆቴል ይለይ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንዳንድ ቦታ ወረቀት ቀርቶ በአየር የሚያደርቅ ማሽን ተሰቅሏል። ይሻላል? ወረቀትም ማሽንም በሌለበትስ እጄን በምን ላድርቅ? በሱሪዬ እየጠረግሁ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ማሽኑ ወረቀት ያድናል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጌጥ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚያደርቅም ብዙው ሰው ሳይጨርስ እጁ እንደረጠበ ይሄዳል፤ እርጥብ እጅ ደግሞ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ያስተላልፋል። ሐኪም ቤት ከሆነ እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ። ሱሪሽን ተይው። ሁለት የጥጥ መሐረብ ግዢ፤ አንዱ ከቦርሳሽ ሲሆን ሌላው ገመድ ላይ ይሁን። አያቶቻችን መሐረብ ከእጃቸው አይለይም ነበር፤ ስንቀልድባቸው ኖርን። ለእጅ የያዝሽውን መሐረብ ለአፍንጫ እንዳታደርጊው፣ በየቀኑም በሳሙና እጠቢው።