የናስ ኩባያ አያያዝና የምትሃት ገበታ፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በኩባያና በኳስ የሚቀርበው ምትሃት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ተደፍተው የሚቀመጡ ሦስት ኩባያዎች፣ ትንንሽ ኳሶች፣ አንድ ጠረጴዛና የሠለጠነ እጅ። ኳሶቹ ሳይታዩ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይሰበሰባሉ፤ በመጨረሻም ኩባያዎቹ ሲነሡ ማንም ያልጠበቃቸው ሎሚዎች ከሥራቸው ይገኛሉ። በዚህ ወር ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ናስ ኩባያ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ኳሱ በምን መንገድ እንደሚሻገር ግን በጽሑፍ አናወጣም፤ ያ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ነገር ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልኝ ሦስት የናስ ኩባያዎች አሉኝ። ስድስት ወር ከሠራሁባቸው በኋላ ገሚሱ ገጻቸው እንደ ወርቅ ሲያበራ ገሚሱ ቡናማ ሆኖ ተዥጎረጎረ። ጎረቤቴ በሎሚና በጨው እሸው ትለኛለች፤ ወንድሜ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈግፍገው ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን፣ ወዙን የሚያጣው በውስጡ ያለው መዳብ ከአየርና ከእርጥበት፣ በተለይም ከእጅ ላብ ጨው ጋር ሲገናኝ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ልባስ በሌለው ኩባያ ላይ ቀስ በቀስና በአብዛኛው በእኩል ይመጣል። የእርስዎ ኩባያዎች መዥጎርጎራቸው ግን ሲሠሩ ቫርኒሽ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ልባስ ተቀብተው እንደነበርና ልባሱ ጣትዎ አዘውትሮ በሚያርፍበት ቦታ እንደተላጠ ያመለክታል። ለማረጋገጥ የብረት ማወልወያ ፖሊሽ በጨርቅ ጫፍ ነክረው ከኩባያው ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቦታ ይሹ። ጨርቁ ከጠቆረ የነኩት ራሱን ናሱን ነው፤ ካልጠቆረ በመካከል ልባስ አለ። ከዚህ አስቀድሞ ማግኔት ማስጠጋትም አይከፋም፤ ናስ በማግኔት አይሳብምና፣ ኩባያው ማግኔቱን ከያዘ በናስ ቀለም የተለበጠ ብረት ስለሆነ ፖሊሽ ለብጡን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል።

ልባሱ በአብዛኛው ደህና ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በለዘበ ሳሙና ማጠብ፣ ወዲያውም ማድረቅ ይበቃል። እንደ እርስዎ ኩባያዎች ተላልጦ ከሆነ ግን ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን ማወልወል ዝጉርጉሩን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ማንሣት ይሻላል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልባስ ያነሣዋል፤ ሥራውን ግን ከከሰልና ከማንኛውም እሳት ርቀው፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ያከናውኑት።

ጎረቤትዎ የመከሩዎት ከልምድ ነው፤ የሎሚው አሲድ ቡናማውን ንጣፍ በእርግጥ ያሟሟል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ሎሚው ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ዚንኩ ከገጹ ላይ እየተበላ መዳቡ ብቻ ስለሚቀር ኩባያው ወደ መዳብ ቅላት ያደላል፤ በደንብ ያልታጠበ ጨው ደግሞ በኋላ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል። ሎሚ የሚጠቀሙ ከሆነ ያለ ጨው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይሹት፣ በብዙ ውኃ ያለቅልቁት፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያድርቁት። ሽቦውን ግን ለድስት ይተዉት። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ኩባያዎቼን እናቴ ድስት ስትፈገፍግ እንዳየሁት በአመድና በአሸዋ አሽቼ አበላሽቻለሁ። በአንደኛው ላይ የቀረው ጭረት መልኩን ከማጥፋቱ በላይ ትርዒቴን ጎዳው፤ ሦስቱ ኩባያዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ቀርቶ ተመልካቹ ባለ ጭረቱን ለይቶ በዓይኑ ይከተለው ጀመር። ለኩባያ ንጽሕና የምንጨነቀው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ሦስቱም በመልክ፣ በክብደትና በድምፅ አንድ ሆነው መቆየት አለባቸው።

ከሱሉልታ፦ «የምኖረው በወላጆቼ ግቢ ነው። ኩባያዎቹን የማስቀምጥበት ክፍል ከላሞቹ በረት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በዚህ ክረምት ከአንደኛው ኩባያ ከንፈር የተነሣ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። አልወደቀም፣ ማንም አልነካውም። ምን አግኝቶት ነው?»

የዚህን ደብዳቤ መልስ የጻፍኩት ከሁሉም በበለጠ ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም በከተማዋ ዳርቻ ከብትና ዶሮ በምናረባበት ግቢ የምንኖር ብዙዎች ነን። ብዙ ጊዜ የምትሃት ኩባያ የሚሠራው ጠፍጣፋ የናስ ዝርግ ሳይሞቅ በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ እየተጫነ በመለመጥ ነው። ናሱ ወዶ ያልያዘውን ቅርጽ እንዲይዝ ስለተገደደ በውስጡ ለዓይን የማይታይ ውጥረት ይቀራል። ይህ ውጥረት ያለበት ናስ እርጥበትና አሞኒያ ሲያገኘው ያለ ምንም ምት ይሰነጠቃል። አሞኒያው ደግሞ ከከብት ሽንትና ከዶሮ ኩስ የሚወጣው፣ በረት ሲገቡ አፍንጫ የሚሰነፍገው ትነት ነው።

ነገሩ በመጀመሪያ የታወቀው በምትሃት ገበታ ሳይሆን በጦር መሣሪያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ጦር በሕንድ በዝናቡ ወራት የጥይት ቀለሃዎቹን በፈረስ ጋጣ ያስቀምጥ ነበር፤ ዝናቡ አልፎ ሲወጡ ቀለሃዎቹ ተሰነጣጥቀው ተገኙ። ቀለሃ የሚሠራበት ናስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ እንደ ኩባያው ሁሉ በቀዝቃዛው ተስቦ የሚወጣ ነው። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚተነው አሞኒያ መሆኑ በግልጽ የተብራራው ቆይቶ በ1921 እ.ኤ.አ. ነበር። የእርስዎ ክፍልና ያ ጋጣ የሚለያዩት በእንስሳው ዓይነት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የተሰነጠቀው ኩባያ አይድንም፤ ስንጥቁ በእያንዳንዱ መነሣትና መደፋት እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ጠርዙም ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል ከትርዒት ያውጡት። የቀሩትን ሁለቱን ግን ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል ያንሡ። እያንዳንዱን በደረቅ የጥጥ ከረጢት አድርገው፣ ከበረቱም ከዶሮ ቤቱም በራቀ ደረቅ ክፍል በሣጥን ያኑሯቸው። የላስቲክ ከረጢት እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ አይሆንም። አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽም በናስ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ከለገጣፎ፦ «ኩባያዎቼን እንደ መስታወት እስኪያበሩ ወልውዬ በአንድ ልደት ላይ ሳቀርብ፣ አንድ ልጅ ‹ኳሷ እጅህ ውስጥ ናት፣ ኩባያው ላይ ትታየኛለች› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን መያዝ አልቻልኩም። ማወልወሌ ስሕተት ነበር?»

አዎን፣ ልጁም ትክክል ነበር። የኩባያ ጎን ክብ ስለሆነ በደንብ ሲወለወል በዙሪያው ያለውን ሁሉ አሳንሶ ያሳያል፤ አቅራቢው ራሱ የማያየውን የመዳፉን ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ኩባያው ላይ ያነበዋል። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ትርዒት በኋላ የጣት አሻራውን በደረቅ ጨርቅ ያብሱ፣ ፖሊሹን ግን ይተዉ። ናሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ማር ቀለም ይለዝባል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ይቀበላል፣ ምስል ግን አይመልስም። ለእኔ ያ ቀለም ከአዲስ ናስ እጅግ ያማረ ነው። ጀርባዎን ለግድግዳ መስጠትና ፀሐይ ወይም መብራት ከፊትዎ እንጂ ከጎንዎ እንዳይመጣ ማድረግም ይረዳል፤ በግቢ ውስጥ በሚደረግ ልደት ልጆች ከኋላ ካልተከለከሉ በስተቀር የትኛውም ኩባያ አያድንዎትም።

ስለ ድምፅ አልጠየቁም፣ ግን ሳላነሣው ማለፍ አልፈልግም። በባዶ ጠረጴዛ ላይ ናስ ይጮኻል፤ ኩባያው ባዶ ሲሆንና ከሥሩ አንድ ነገር ሲኖር የሚያሰማው ድምፅም ስለሚለያይ ጆሮ የሰላ ተመልካች ያውቅብዎታል። ነጠላ ለዚህ ይሳሳል፤ አጥፈው የዘረጉት ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ ግን ድምፁን ይውጠዋል። ኳሶቹም ድምፅ አልባ ይሁኑ። ዳንቴል የሚሠራ ሰው በቤትዎ ካለ፣ በቡሽ ወይም በጠበቀ ጥጥ ላይ በቀይ ክር በኪሮሽ የተሠራች፣ ስፋቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ኳስ ከሚገዛው ሁሉ ትበልጣለች፤ ከጣት አትንሸራተትም፣ ስትወድቅም አትንከባለልም።

ኩባያዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው ቢጣበቁ በጉልበት አይለያዩዋቸው፤ ከንፈራቸው ይጣመማል። የውስጠኛውን ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተው የውጪውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢያቆሙት፣ የውጪው ሲሰፋ የውስጠኛው ሲኮማተር በቀላሉ ይላቀቃሉ። ለመጨረሻው ክፍል የሚጠቀሙበት ሎሚ ደግሞ ልጣጩ ያልተጎዳ ይሁን፤ በኩባያው ውስጥ ከፈሰሰ ጭማቂው ናሱን ይበላል። ከትርዒቱ በኋላ ልጆች በእነዚህ ኩባያዎች ጭማቂ ወይም ለስላሳ እንዳይጠጡም ይጠንቀቁ፤ አሲድ ያለው መጠጥ ከናሱ መዳብ ያሟሟል፣ ሆድንም ያውካል።

ከሰበታ፦ «አያቴ ኩባያዎቹን አይተው ‹ይህ ድግምት ነው፣ ከቤቴ አውጣው› አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

አያትዎን አይከራከሯቸው፤ ድግምትን መፍራታቸው ከእምነታቸው የመጣ ነውና ሊከበር ይገባዋል። እውነቱን ግን ይንገሯቸው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ የኩባያና የጠጠር ጨዋታ ጉዳት የሌለው ማታለል ብሎ አንሥቶታል፤ ደስ የሚያሰኘውም መታለሉ ራሱ እንደሆነ፣ አሠራሩን ካወቀ ግን ደስታው እንደሚጠፋበት ጽፏል። የእጅ ቅልጥፍና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ የሚጠራ መንፈስ፣ የሚደገም ቃል የለበትም። እኔም ሽማግሌዎች ባሉበት ሳቀርብ «የምታዩት እጄ የለመደውን ነው» ብዬ እጀምራለሁ፤ በትርዒቱም ውስጥ ድግምት የሚመስል ቃል ፈጽሞ አላስገባም። ኩባያዎቹን በእጃቸው ይዘው ውስጡን እንዲያዩ፣ ክብደት ቅለቱን እንዲመዝኑ ያድርጉ። አያትዎ ኪሮሽ የሚያውቁ ከሆነም ቀይ ክር ይግዙላቸውና ኳሶቹን እርሳቸው እንዲሠሩልዎ ይለምኗቸው።