«ለእናትህ አትንገር» ያለህ ሰው

ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ 33 ዓመት አስተምሬአለሁ። የመጨረሻዎቹን 9 ዓመታት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ ከክፍል የተባረረ ልጅ መጀመሪያ የሚላከው ወደኔ ቢሮ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሚመጡብኝ እናቶች ናቸው። ቡና እየጠጣን፣ ገና ከአቦሉ ሳንወጣ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ልጄ ተቀየረብኝ። ስልኩ ላይ ተጥዶ ያድራል። የሚናገረው ነገር ያስፈራኛል» ይሉኛል። እስካሁን ስለ ሴት ልጇ እንዲህ ብላ የመጣች የለችም። ሁሌም ወንድ ልጅ ነው፤ 14፣ 15፣ 17 ዓመት የሆነው።

ስለዚህ የምጽፈው ለእናንተ ለወንዶቹ ነው። እናትና አባት ቢያነቡትም ደስ ይለኛል። ለእነሱም የምለው አለኝ።

ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። 10ኛ ክፍል ነበር። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤት ከገባ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ዝምተኛ፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ጓደኛው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱ የአንድ ወገን ልጆች አይደሉም። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «ድሮስ እነሱ!» ብላችሁ ማንበቡን ትተዉታላችሁ። ደግሞም ቢሮዬ ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ የወገን ልጅ የለም።

አንድ ጠዋት ልጁ ዴስክ ቀየረ። ማንም ልብ አላለውም። እኔም ልብ አላልኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጓደኛው ዴስክ ላይ ስድብ ተጽፎ ተገኘ። ቃሉን አልደግመውም፤ ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጣ ቃል ነው። ልጁን ጠራሁት፣ ስልኩን ተቀበልኩት፣ አባቱን አስጠራሁ። አባትየው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ እንቅልፍ ዓይኑ ላይ እንዳለ መጣ። እዚያው ፊቴ በጥፊ አጮለውና ስልኩን ወለሉ ላይ ከሰከሰው። አላስቆምኩትም። ያኔ ተገቢ ቅጣት መስሎኝ ነበር። መዝገቤ ላይም «ጉዳዩ አልቋል» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላው ትምህርቱን ተወ።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ራሱ ቤቴ መጥቶ ሲነግረኝ ነው። የጀመረው በሳቅ ነበር። ቲክቶክ ላይ በአንድ ሕዝብ ሙድ የሚይዙ አጫጭር ቪዲዮዎች። ያስቃሉ። ሳቀ፣ ደገመ፣ ላከ። እነዚህ መተግበሪያዎች ምን እንደምትወዱ አይጠይቋችሁም። የት ላይ እንደቆያችሁ ይቆጥራሉ። ወዳችሁ ቆዩ ወይም ተናዳችሁ ቆዩ ለእነሱ ያው ነው፤ ተመሳሳዩን ያመጡላችኋል። ንዴት ደግሞ ከሳቅ የበለጠ ያቆያል። የፌስቡክ የራሱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በውስጥ ጥናታቸው ያገኙት ነገር አለ። ወደ ጽንፈኛ ግሩፖች ከተደረገው መቀላቀል 64 በመቶው የመጣው ድርጅቱ ራሱ «ይህን ግሩፕ ተቀላቀሉ» እያለ በመጠቆሙ ነው።

ከአንዱ ቪዲዮ ሥር ልጁ ኮሜንት ጻፈ። አንድ የማያውቀው ሰው «አንተ ገብቶሃል» አለው። ልብ በሉ፣ ይህን ልጅ በዚያ ዓመት «ገብቶሃል» ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። ወደ አንድ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ወሰደው፤ ከዚያ ወደ ትንሽ ግሩፕ። ትንሹ ግሩፕ ውስጥ በስሙ ይጠሩታል። ማታ ማታ «ራት በላህ?» ይሉታል። ቤት ውስጥ እናቱ እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለምትነሳ በጊዜ ትተኛለች። አባቱ መንገድ ላይ ነው። እኛ አስተማሪዎቹ ደግሞ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዘን የምናውቀው የረባሹንና የአንደኛውን ስም ነው።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ የነገሩት ውሸት አልነበረም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስልክ ተቋረጠ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ፣ ሰው ሞተ። የዚያኑ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ስንት ሰው እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ? በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ታላላቅ ወንድሞቻችሁ ደጃፍ ላይ ቀሩ። ይህ ሁሉ ቁስል እውነት ነው። «ምንም አልደረሰብህም» የሚል አዋቂ ካለ አትስሙት። ጽንፈኛው ቁስሉን አልፈጠረውም። ቁስሉ ላይ አንድ ነገር ነው የሚጨምርበት፤ ያቆሰለህ ጎረቤትህ ነው ይልሃል። ጥፋተኛውን በስም አይፈልግልህም። በእሱ ፋንታ አንድ ሙሉ ሕዝብ ይሰጥሃል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሱፐርማርኬት ገብቶ 10 ጥቁር ሰዎችን ገደለ፤ በኢንተርኔት በቀጥታ እያስተላለፈ። ምሳሌ ያደረገው ከሦስት ዓመት በፊት ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች መስጊዶች ውስጥ 51 ሰው የገደለውን ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ማንበብ እንዴት እንደጀመረ ልጁ ራሱ ጽፏል። በኮሮና ጊዜ ቤት ተቀምጦ በጣም ሰልችቶት ነበር። ይህን ሳነብ ሐምሌ ነበር ትዝ ያለኝ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ትምህርት ተዘግቶ፣ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኩን ይዞ የሚውልበት ሐምሌ።

በሚያዝያ 2007 ደግሞ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ሲቀባበሉት አይቻለሁ። አንዳንዱ እያለቀሰ ያያል። አንዳንዱ ጥርሱን ነክሶ። ቪዲዮው የተሠራው ለዚያ ነው። ብትፈራም ብትበቀልም ለሠሩት ሰዎች ትርፍ ነው። አትቀባበሉት።

«ወሎ የፍቅር አገር ነው» ስንል ኖረናል። እኔም እላለሁ፤ ወዳጃ በምንለው የጋራ ጸሎት ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ሲለምን እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን አያትህ ወዳጃ ስለተቀመጠ አንተ ተከትበሃል ማለት አይደለም። ስልክህ ውስጥ ቅሬ፣ የእኛ እድር፣ የለም። ሰው ሲሞት አብሮህ ድንኳን የሚተክል ጎረቤት እዚያ ውስጥ የለም። እኛ አዋቂዎቹ በስሙ እየኮራን ልጁ ማታ ማታ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳንጠይቅ ቀረን።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። የሚናገረው ሰው ስለ ሃይማኖት ይናገር ስለ ብሔር፣ ጥቅስ ይጥቀስ ታሪክ፣ በዚያ ብቻ አትለዩትም። ይልቅ ይህን ተመልከቱ፤ ለብቻህ ነው የሚፈልግህ? «ቻቱን አጥፋው» ይላል? «ያን ጓደኛህን ተወው» ይላል? «ለእናትህ አትንገር» ይላል? ሼህህ ወይም የንስሐ አባትህ ፊት ጮክ ብለህ ልታነበው የምታፍርበት መልእክት ከሆነ እዚያው አቁም። «እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት» ማለትም አያድንም፤ የጥላቻ ንግግር ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እስሩ አይደለም። የላካችሁት ነገር የማን ደጃፍ ላይ እንደሚደርስ ነው።

እናንተ ወላጆች፣ ስልኩን አትስበሩት። ልጁ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ያን ቀን አባዬ ስልኩን ሲሰብረው ደስ ነበር ያለኝ። ‹ቤተሰቦችህ አይረዱህም፣ ይጠሉሃል› ብለውኝ ነበር። በቃ፣ እውነታቸውን ነው አልኩ።» ይህን ሲለኝ የያዝኩት ስኒ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እነሱ በወራት ያልጨረሱትን እኔና አባቱ በአንድ ጠዋት ጨረስንላቸው።

ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። «እስቲ የሚያስቅህን አሳየኝ» በሉት። ሳትቆጡ እዩ። ከባድ ነው፤ ደም ያፈላል። ግን መጀመሪያ እዩ። «ይህ ሰውዬ ማነው? የት ነው የሚኖረው? ልጆቹ የት ነው ያሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ሌላው ልጅ እንዲሞት የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ሩቅ ተቀምጠው ነው፤ ልጁ ይህን ራሱ ያግኘው። እናንተን ካልሰማ የሚያከብረው ታላቅ አይጠፋም፤ የአክስት ልጅ ይሁን የኳስ አሰልጣኝ። ከሥራ መልስ አባት ግማሽ ሰዓት ይስጠው። ሾፌር የሆናችሁ ደግሞ ከሚሌም ከባቲም ደውሉለት፤ ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ውሎው ጠይቁት። የጓደኛውን ስም መጥራት ካቆመ፣ ለጎረቤት ሰላምታ ከነፈገ፣ «እነሱ» ማለት ካበዛ፣ አትዘግዩ። መሣሪያ፣ መሐላ ወይም የሰው ስም ዝርዝር ካያችሁ ግን ይህ የቤት ምክር ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን ሽማግሌም ሕግም ይወቀው። ልጃችሁን አሳልፎ መስጠት እንዳይመስላችሁ፤ ማትረፍ ነው።

ልጁ እንዴት ወጣ? እኔ አላወጣሁትም። አንድ ቀን ከትንሹ ግሩፕ ትእዛዝ መጣለት። የጓደኛህን ቤት ፎቶ አንሥተህ ላክ፣ በሩም ይታይ ተባለ። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። ሌላ ስልክ ይዞ ሄደ። ስልኩን አውጥቶ በሩ ፊት እንደቆመ የጓደኛው እናት ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ጠፋህሳ! አብሽር፣ ግባ ግባ» አሉት። እጁን ይዘው አስገቡት። ቆሎ አቀረቡለት። ጓደኛው አልነበረም፤ ኮምቦልቻ ሥራ ጀምሯል። ስለ እናቱ ጠየቁት፣ ስለ አባቱ መንገድ ጠየቁት። ከመሸ ወጣ። ፎቶውን ሳያነሣ ወጣ። የሐረጎን ዳገት የሚሻገር የመጨረሻ ሚኒባስ እስኪያልፍ አስፋልት ዳር ቆመ፤ ከዚያ ግሩፑን አጠፋው።

ለምን እንደሄደ የጓደኛው እናት እስከ ዛሬ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት «ልንገራቸው ይሆን ቲቸር?» አለኝ። እኔም ብዙ አሰብኩበት። የፊታችን እሁድ ከሰዓት አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ቡናውን እኔ ነኝ ይዤ የምሄደው።