ከ10ኛው መጽሐፍ አትጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ማስተር ኤንድ ኮማንደር፦ ዘ ፋር ሳይድ ኦፍ ዘ ወርልድ» የሚለውን ፊልም ወደድኩት፣ የተቀዳባቸው የፓትሪክ ኦብራያን መጽሐፎች 20 ናቸው አሉኝ፣ ከየትኛው ልጀምር፣ ደግሞስ ሰው የድሮ መርከብ ጦርነት ልብ ወለድ እስከ ዛሬ ለምን ይወዳል ነው ያልከው። እኔም የገባሁበት በዚያው ፊልም ነው። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ገንዘብም አንድ ዓመትም አባክኛለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

1. ከ10ኛው አትጀምር።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ስሙን የወሰደው ከሁለት መጽሐፎች ነው፤ ከ1ኛውና ከ10ኛው። ጠላትን እስከ ሩቅ ባሕር የማሳደዱ ታሪክ ከ10ኛው የመጣ ነው። እኔም «እንግዲያው የምፈልገው እሱን ነው» ብዬ ዋሽንግተን ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። 10ኛውን፣ 11ኛውንና 12ኛውን በፖስታ ላከችልኝ። ዕቃውን ለማውጣት አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። ቀጥሎ መታወቂያህ ላይ ያለው ስም ከጥቅሉ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ መጽሐፎቹን አገላብጣ «ይሄን ሁሉ የምትመላለሰው ለተረት ነው?» አለችኝ፤ ያን ሁሉ ሰልፈኛ ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል። የተባልኩትን ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ፊልሙ ላይ ፈረንሳዊ የነበረው ጠላት መጽሐፉ ላይ አሜሪካዊ ነው። ዘመኑም 1805 ሳይሆን እንግሊዝና አሜሪካ የተዋጉበት የ1812ቱ ጦርነት ነው። እሱስ ችግር የለውም። ችግሩ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ካፒቴኑ ጃክ ኦብሪና የመርከቡ ሐኪም ስቲቨን ማቱሪን እዚህ ሲደርሱ የብዙ ዓመት ወዳጆች ናቸው። ትዳር አለ፣ ዕዳ አለ፣ የቆየ ቂም አለ። እኔ ማንንም አላውቅም። የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ሆነብኝ። በየመስመሩ ደግሞ የሸራ ስም፣ የገመድ ስም። እያንዳንዱን ስልኬ ላይ ስፈልግ በወር 60 ገጽ እንኳ አልሞላሁም። ዘጋሁትና ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

2. የሸራ ስም አትሸምድድ።

ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው። ጋሼ፣ ኢትዮጵያ ባሕር በነበራት ጊዜ፣ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበር። አንድ እሑድ ቤት መጥቶ መጽሐፉን አየና አነሳው። ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ቀና አላለም። ብሶቴን ስነግረው «እኔም የሞተር ክፍል ሰው ነኝ፤ ሸራ አላውቅም። አንተ ሰዎቹን ተከተል። መርከብ ላይ ዋናው ነገር ከማን ጋር እንደተዘጋብህ ነው» አለኝ። ከዚያም ከመጀመሪያው እንድጀምር አዘዘኝ።

1ኛው መጽሐፍ፣ «ማስተር ኤንድ ኮማንደር»፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። በ1800 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ባለችው ሚኖርካ ደሴት፣ ፖርት ማሆን ወደብ ላይ ይጀምራል። ሁለቱ ሰዎች የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጃክ በእጁ ምት እየመታ ይረብሻል፤ ስቲቨን በክርኑ ይጎሽመዋል። ሊጋደሉ ምንም አይቀራቸውም። በዚያው ሌሊት ጃክ ሹመት ያገኛል፣ በማግስቱ ደስታው ገንፍሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሐኪሙንም ይዞት ይሄዳል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስቲቨን ስለ መርከብ ምንም አያውቅም። ስለዚህ መርከበኞቹ ምሰሶውን፣ ገመዱን፣ መድፉን አንድ በአንድ ያስረዱታል። አብረኸው ትማራለህ። እኔ ከ10ኛው ስጀምር ይህን አስተማሪ ነው ያጣሁት።

ውጊያው ደግሞ ከእውነተኛ ታሪክ የመጣ ነው። ቶማስ ኮክሬን የሚባል እውነተኛ የእንግሊዝ ካፒቴን ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. 14 ትንንሽ መድፍ ባላት «ስፒዲ» በተባለች መርከብ 32 መድፍ የጫነውን የስፔን መርከብ «ጋሞ»ን ማረከ። 54 ሰው ለ319። በጣም ተጠግቶ ከሥሩ ገባ። የጋሞ መድፎች ዝቅ ማለት ስላልቻሉ ጥይቱ በላዩ ላይ አለፈ። ከዚያ ሁሉም ሰው ዘሎ ወደ ጠላት መርከብ ሲወጣ የመርከቧን መሪ ይዞ የቀረው ሐኪሙ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ትልቁ ውጊያ ከዚህ የተቀዳ ነው። ሳነበው ቆሜ ነበር።

ለምን ይወደዳል ላልከው፣ እኔን የያዘኝን ልንገርህ። ሬዲዮ የለም። ትእዛዝ ከለንደን እስኪደርስ ወራት ያልፋል። ካፒቴኑ ከውሳኔው ጋር ብቻውን ነው። ያውም ገንዘብ አለበት፤ ከተማረከ መርከብ ዋጋ ካፒቴኑ ከ8 እጅ 2 ወይም 3 ይደርሰዋል፣ ተራ መርከበኞቹ ሁሉ ተደምረው 2። ስለዚህ አድማስ ላይ ሸራ በታየ ቁጥር የሁሉም ልብ ይመታል። ከሁሉም በላይ ግን ወዳጅነቱ ነው። ጃክ ባሕር ላይ አንበሳ ነው፤ የብስ ላይ ግን ማንም ያታልለዋል። ስቲቨን አየርላንዳዊም ካታላናዊም ነው፤ የጃክን ንጉሥ አይወድም፤ ሰላይም ነው። በብዙ ነገር አይስማሙም። ማታ ግን አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ቼሎ ይዘው አብረው ይጫወታሉ። ጋሼን ያስለቀሰው ይህ ነው። «ሌሊት ለ4 ሰዓት ተረኛ ቆመህ ስትወርድ የሚጠብቅህ አንድ ሰው ካለ መርከቡ ቤትህ ነው» አለኝ። ስለ ምጽዋ ያን ያህል ሲያወራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ያቺ መስኮት ላይ የነበረችው ሴት ያኔ ብታየው ደስ ባለኝ።

3. ሁለተኛው ላይ አትቁም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በታረቁበት በ1802ቱ የሰላም ጊዜ ስለሚጀምር መጀመሪያው ክፍል የብስ ላይ ነው፤ ግብዣ፣ ፈረስ፣ ዕዳ። ብዙ ሰው እዚያ ይተወዋል። ጃክ የድብ ቆዳ ለብሶ ከፈረንሳይ ሲያመልጥ እስክትደርስ ታገስ። 3ኛው ላይ ከገባህ በኋላ ማንም አያስቆምህም። እኔ 20ውንም ጨርሻለሁ፤ በሁለተኛ ቋንቋዬ፣ ያለ መዝገበ ቃላት።

1ኛው እኔ ጋ ነበር፤ አሁን ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበበው ነው። አዲስ አበባ ከሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሲመልስልኝ አውስሃለሁ። 10ኛውንም እሰጥሃለሁ፣ 9ኙን ስትጨርስ።