ናፍጣ የጠጣ መሬት ይድናል?

ጥያቄው የመጣው ከመቂ አካባቢ ነው። «በመስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። ከእኔ በፊት መሬቱን የያዘው ሰው ለፓምፑ ናፍጣ የሚያስቀምጥበት የብረት ታንከር ቀብሮ ነበር። እኔም ስጠቀምበት ቆየሁ። ዘንድሮ ከታንከሩ አጠገብ ያለው መደብ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዩሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። ሲቆፈር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አፈሩን ላቃጥለው ወይስ አውጥቼ ልድፋው? ዝቅ ብሎ የምንጠጣበት የእጅ ጉድጓድ አለ።»

ወንድሜ፣ አያቃጥሉት፣ አይድፉትም። መሬቱ ይድናል። ከሽንኩርቱ በፊት ግን ውሃው ይቅደም።

ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ጉድጓድ አይጠጡ። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል። የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ከደረሰ እላዩ ላይ ተንሳፍፎ ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። የእርስዎ ጉድጓድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር መጨመር አያድንም። እነሱ ለጀርም እንጂ ለነዳጅ አይደሉም። ባይሸትም አይመኑት፤ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ናሙና ወስዶ እንዲያስመረምር ይጠይቁ። ከእርስዎ በታች ጉድጓድ ያላቸው ጎረቤቶችም ዛሬውኑ ይወቁት። ያንን መደብ ውሃ ማጠጣትም ያቁሙ፤ መስኖው ናፍጣውን ወደ ታች ይገፋዋል።

ቦታውን በአጥር ይከልሉት፣ ከብት እንዳይደርስበት። ከብት ናፍጣ የነካውን ይልሳል፣ ሳንባው ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉ የሳንባ ምች ያመጣል። የላሰ ካለ ምንም ነገር በግድ አይጋቱት፤ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ቀጥሎ ታንከሩ። የቀረውን ናፍጣ ቀድተው ባዶ ያድርጉት። ምንጩ ሳይደርቅ አፈር ማከም ከንቱ ድካም ነው። በያጅ ጠርተው ግን እንዳያስደፍኑት! በባዶ ታንከር ውስጥ የቀረው ተን በብየዳ እሳት ይፈነዳል። ማንም ሰው ውስጡ እንዳይገባ።

አሁን ዩሪያው ለምን እንዳልሠራ ልንገርዎት። ናፍጣ የአፈሩን ቅንጣት ይለብሰዋል፤ ሥሩ ውሃና አየር ያጣል። በዚያ ላይ አፈር ውስጥ ናፍጣ የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ናፍጣ ካርቦን ሞልቶታል፣ ናይትሮጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻሙታል። እርስዎ የጨመሩትን ዩሪያም ቀድመው የወሰዱት እነሱ ናቸው፤ ሽንኩርቱ ጦሙን አደረ። ማጽጃችንም እነዚሁ ተሕዋስያን ናቸው። ምግብ፣ አየርና እርጥበት ካገኙ ናፍጣውን በልተው ይጨርሱታል።

የሚሸተውን አፈር እስከ ንጹሑ ድረስ ያውጡ። ጥልቅ ከሆነ በማሽን ይሁን፤ ልል አፈር ሰው ላይ ይናዳል። ከጉድጓድና ከጎርፍ መንገድ ርቀው ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ፣ ዙሪያውን በአፈር ይከትሩ። አፈሩን ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይዘርጉት። የደረቀ ፍግና ጭድ ይቀላቅሉበት፣ አየር እንዲያስገባ። ማዳበሪያውን የሚወስነው የፈሰሰው ናፍጣ ነው። ከገዙት ላይ ፓምፑ የበላውን ሲቀንሱ ይገመታል። ለ10 ኪሎ ናፍጣ 1.5 ኪሎ ያህል ዩሪያና ግማሽ ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ይበቃል፤ ግን በሦስት ጊዜ ተከፍሎ። በአንዴ ከተጨመረ አሞኒያው ተሕዋስያኑን ራሳቸውን ይጎዳል።

ከዚያ በየሳምንቱ ማገላበጥ ነው። ሥራው ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን አየር ካላገኘ ዓመትም ቢቀመጥ ያው ነው። እርጥበቱን በእጅዎ ይለኩት፦ እፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ፣ ውሃ ግን ካልተንጠባጠበ፣ ደህና ነው። ዝናብ ሲመጣ ይሸፍኑት። «በኦሞ ይታጠብ» የሚልዎትን አይስሙ። ሳሙና ናፍጣውን ከአፈሩ አላቅቆ ወደ ውሃው ይሰደዋል።

የአካባቢዎ ሙቀት ያግዝዎታል፣ ተሕዋስያኑ ሙቀት ይወዳሉ። ሆኖም ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አስበው ይጀምሩ። መሻሻሉን ለማየት አንድ እፍኝ አፈር በጠርሙስ ውሃ በጥብጠው ያስቀምጡ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ከታየ ገና ነው። ካልታየ በሁለት ሳህን፣ አንዱ ላይ ንጹሕ አፈር፣ ሌላው ላይ የታከመውን አድርገው 50 50 የሰላጣ ዘር ይዝሩ። የበቀለው ቁጥር ከተራራቀ ይቀጥሉ። ይህ ለእርስዎ መከታተያ ነው፤ ለገበያ ከማምረትዎ በፊት ግን ላቦራቶሪ ይየው። በመጀመሪያው ወቅት ቬቲቨር ሣር ይትከሉበት፣ ለከብት ግን አይጨዱት። ሽንኩርት፣ ካሮትና ድንች መጨረሻ ላይ ይምጡ።

ወጪውን ማን ይሸፍን? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ታንከሩን እርስዎም ተጠቅመውበታልና ቀድመው ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ቁፋሮውም በእነሱ ምክር ቢሆን ይሻላል።

ለፓምፑ ናፍጣ ከእንግዲህ ምንም አይቅበሩ። በርሜሉን ከመሬት በላይ፣ ጠርዝ ባለው የሲሚንቶ ወለል ላይ ያስቀምጡ። ጠርዙ በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ቢፈስ እንኳ የሚይዝ ይሁን። እንዲያ ከሆነ ጠብታ ስትፈስ በዓይንዎ ያዩዋታል።