አሮጌ ዶዘር ከመግዛት በፊት፦ ከጎንደርና ከአካባቢው ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን አሮጌ ዶዘር ስለመግዛት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አብዛኛው በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ የእርሻ መሬት የያዘ ወይም በደምቢያና በወገራ የውስጥ መንገድና ኩሬ ማሠራት የሚፈልግ ነው። የሥራ ዘመኔን በጎንደር በሰንሰለታማ ማሽኖች ጥገና ላይ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ሳልሰስት እመልሳለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከገንዳ ውኃ)፦ ጋሼ፣ ዲ8ኤች ካተርፒላር አግኝቻለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ የአዲስ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ የሞተሩን ድምፅ ለጊዜው ተወውና ተንበርክከህ ከሥር እይ። ሰንሰለታማ ማሽን በዕድሜው ከሚጠይቀው የጥገና ወጪ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እግሩ ነው፤ ማለትም ሰንሰለቱ፣ ሰንሰለቱ የሚንከባለልባቸው የታችና የላይ ሮለሮቹ፣ ከፊት ያለው ትልቁ ጎማ አይድለሩና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳሙ ስፕሮኬት። ሻጭ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ቀለም ቀብቶ ሞተር ያስነሳልሃል እንጂ ስለ እግሩ አያነሳም።

የብረት ሜትር ይዘህ ሂድ። ሰንሰለቱ በደንብ ተወጥሮ ሳለ ከአንዱ ፒን (መጋጠሚያዎቹን የሚያያይዘው ብረት) ጠርዝ ተነስተህ እስከ አምስተኛው ፒን ተመሳሳይ ጠርዝ ድረስ ለካ። የዲ8ኤች አንዱ መጋጠሚያ አዲስ ሲሆን 22.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አራቱ 91.4 ይመጣሉ። 93 ካገኘህ ፒኑና እርሱን የሚያቅፈው ቡሺንግ ከግማሽ በላይ ተበልተዋል፤ 94 ከደረሰ አልቋል። ከሌሎቹ ካተርፒላሮች ለዲ7ጂ መነሻው 86.4፣ ለዲ6ሲና ለዲ6ዲ ደግሞ 81.3 ነው። አንድ ቦታ ብቻ አትለካ። በሁለቱም ወገን፣ በየሰንሰለቱ ሦስትና አራት ቦታ ለካ፤ ፒን ተቀይሮበት የተጠገነ ክፍል ሊኖር ይችላልና።

እዚህ ላይ ልትጠነቀቅለት የሚገባ ተንኮል አለ። ሰንሰለቱ ሲረዝም አንድ መጋጠሚያ ቆርጠው ያወጡለታል፤ በዓይን ሲያዩት ተወጥሮ ያምራል። የሁለቱንም ወገን ጫማዎች (መሬት የሚረግጡትን የሰንሰለቱን ሳህኖች) ቁጠር፤ እኩል ካልሆኑ የተቆረጠ አለ። እኩል ቢሆኑም አይድለሩ ወደ ፊት ምን ያህል እንደተገፋ ተመልከት። መወጠሪያው እስከ ጫፉ ወጥቶ ሰንሰለቱ አሁንም ከረገበ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። በደህና ማሽን ላይ ሰንሰለቱ በላይኛው ሮለርና በአይድለሩ መካከል ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረግባል።

ከዚያ ወደ ስፕሮኬቱ እለፍ። ጥርሱ ጫፉ ሾሎ ከሆነ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ አልቋል። አዲስ ሰንሰለት በሾለ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብን እሳት ውስጥ መጨመር ነው። ሮለሮቹን በየተራ እይ፤ ዙሪያው አቧራው በዘይት የረጠበ ሮለር ማሸጊያው ሄዷል። ማሽኑ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሞተሩን አስጠፋና እጅህን በየሮለሩ አጠገብ አቅርብ። ከሌሎቹ በጣም የሚፈጀው ዘይት የሌለው ነው።

ይህን ሁሉ ካየህ በኋላ ሙሉ እግር ለመቀየር ስንት እንደሚፈጅ ከሁለት ከሦስት አስመጪ ጠይቅና ከተጠየቅከው ዋጋ ጋር ደምረው። የማሽኑ እውነተኛ ዋጋ ያ ነው። ብዙ ጊዜ ረክሶ የተገኘው ዶዘር በዚህ ስሌት ደህና እግር ካለው ውድ ዶዘር ይልቅ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የሞተሩን ጤንነት እኔ መካኒክ ሳልሆን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ መካኒክ ይዘህ መሄዱ አይቀርልህም፤ ነገር ግን ራስህ የምታያቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ዋናው ሞተሩን ቀዝቅዞ ማግኘት ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ በሌላ ቀን በማለዳ ተመለስ። ስትደርስ መጀመሪያ ብሎኩን በእጅህ ንካ።

ሳይነሳ በፊት ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን በጥቂቱ አላላ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሲያድር ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሆነ ቴስታታው ወይም የሲሊንደሩ ማሸጊያ ያስገባል ማለት ነው። ስፕሮኬቶቹን በሚያዞሩት የጥርስ ሳጥኖች፣ በፋይናል ድራይቮቹም ላይ እንደዚሁ አድርግ። ከዚያ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ደግሞ ጥርስ ወይም ኩሽኔት እየተበላ ነው።

ሲነሳ ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ አውጥቶ ከጠራ አያስደነግጥም። ከሞቀ በኋላ ሰማያዊ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየዞረ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ነቅለህ ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ተሽቀንጥሮ ከወደቀ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ተበልተዋል።

ስለ ጥቁር ጭስ የሀገራችንን ከፍታ አትርሳ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከዝቅተኛ ቦታ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። አየር አምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሲገፋም ያጨሳል። ያው ሞተር መተማ ሲወርድ ይሻለዋል። ስለዚህ ቆላ ላይ የተፈተነ ማሽን ደባርቅ ወጥቶ ቢደክም ተታለልኩ አትበል። ሌላው ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው ማሽን ምንም ሌላ ሕመም ሳይኖርበት ሲፈላ ይውላል። ክዳኑ ቀላል ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በእርሱ ምክንያት ሞተር ያስወርዳል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ከደባርቅ)፦ የቀረበልኝ ዶዘር በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሳ ነው። ሰዎች ጥንታዊ ነው ብለው ያስፈራሩኛል።

መልስ፦ አይፍሩ። ያቺ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የተሠራችው ትልቁን የናፍጣ ሞተር ለማዞር ነው። ውኃዋ ከትልቁ ሞተር ጋር የጋራ ስለሆነ ታሞቀዋለች። ለደባርቅ ብርድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ትልቅ ባትሪም አያስፈልግዎትም። ማየት ያለብዎት ማግኔቶዋ ብልጭታ መስጠቷን፣ ካርቡሬተሯ በቆየ ቤንዚን አለመዘጋቱን፣ ፍሪሲዮኗና መግጠሚያ ጥርሷ ትልቁን ሞተር ሳይንሸራተቱ ማዞራቸውን ነው። አንዳንዱ ይነቅላትና በሞተሪኖ ይተካታል፤ በደንብ ከተሠራ ጥሩ ነው፤ በየቦታው የተንጠለጠለ ሽቦ ካዩ ግን የቀድሞው ይሻል ነበር።

ጥያቄ (ከማክሰኝት)፦ ካምቢዮውንና መሪውን በምን ልፈትን?

መልስ፦ በባዶ ሜዳ ወዲያና ወዲህ በመንዳት አይታወቅም። አፈር ክምር ወይም የጸና ግድግዳ ፊት አቁመህ በአንደኛ ማርሽ አስገፋው። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ሰንሰለቶች እኩል መሬት ይቧጭራሉ። መሪው ሳይነካ አንዱ ሰንሰለት ቆሞ ሌላው ብቻ ከዞረ የቆመው ወገን የመሪ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ፓወርሺፍት (በዘይት ግፊት ማርሽ የሚቀይር) ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆመህ እይ። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነው ድካሙ የሚገለጠው፤ ጠዋት እንደ ልቡ የሄደው ማሽን ከቀትር በኋላ ወደ ኋላ አልሄድም ሊል ይችላል። የካምቢዮውን የዘይት ፊልትሮ አስፈትተህ ውስጡን በማግኔት ፈትሽ።

ጥያቄ (ከደብረ ታቦር)፦ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ዶዘር በርካሽ አለ። ሰዓት መቁጠሪያው 4,000 ብቻ ይላል።

መልስ፦ ሰዓት መቁጠሪያ ይቀየራል፤ ከቁጥር ውስጥ አያስገቡት። የፍሬን ፔዳሉ መበላትና የመቀመጫው ሥር ብረት ከእርሱ የበለጠ ይናገራሉ።

የቆመን ማሽን በተመለከተ፣ ጭስ ማውጫው ሳይከደን ክረምት ካለፈበት ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑን ያጣብቃል። ስለዚህ ሞተሪኖ ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው ያስዞሩ። ደረቅ የመሪ ፍሪሲዮን ያላቸው አሮጌ ሞዴሎች ደግሞ ሳህኖቹ በዝገት ይጣበቃሉ። አንዳንድ ጊዜ በሥራ ይላቀቃሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መፈታት ይፈልጋሉ፤ እርስዎ ዋጋውን በሁለተኛው ያስሉ። የአሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። አቧራውን በአየር እንዳያስነፉት፤ ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ (ከጎንደር ከተማ)፦ የትኛውን ሞዴል ትመክራለህ?

መልስ፦ መለዋወጫውና የሚያውቀው ሰው የሚገኝለትን። ብዙ አንጋፋ ኦፕሬተርና መካኒክ በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመው አውራ ጎዳና ሥር ያደገ ስለሆነ ካተርፒላርን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ባለ 200 የፈረስ ጉልበቱ ዲ7ጂ ለእርሻ መሬት ልኩ ይመስለኛል፤ ወደ 20 ቶን ይመዝናል። ዲ8ኤችና እርሱን በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተካው ዲ8ኬ ከዚህ በጣም ይከብዳሉ፤ ድንጋይ ለመንቀል ወደር የላቸውም፤ ግን ናፍጣቸው ብዙ ነው። የኮማትሱ ዲ85ም ጠንካራ ነው። ፊያት አሊስ መጥፎ ማሽን አይደለም፤ መለዋወጫ ፍለጋ ግን ያደክማል።

በማንኛውም ሞዴል መለያ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የፋብሪካ ታርጋ አንብብ። ዲ8ኤች በ46ኤ፣ ዲ8ኬ በ77ቪ፣ ዲ7ጂ በ92ቪ የሚጀምሩ አሉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ሄደህ «የዲ8 ሮለር» ብትል አይበቃም፤ መለዋወጫው የሚታዘዘው በዚህ ቁጥር ነው። ታርጋው ተነቅሎ ከሆነ ምክንያቱን ሳታውቅ ብር አታውጣ።

ጥያቄ (ከአይከል)፦ ሊብሬ አለው ብለውኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራስህ አንብበህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቀጥሎ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቅ። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይከፈላል። ይህ ዕዳ አንተ ላይ እንዳይወድቅ ውል ከመፈረምህ በፊት ይጣራ። የባንክ ዕዳ እገዳም መኖር አለመኖሩን ጠይቅ።

ጥያቄ (ከደምቢያ)፦ ወንድሜ፣ እኔና እኅቶቼ ኩሬ ማስቆፈርና ድንጋይ ማስነሳት እንፈልጋለን። ተበድረን አሮጌ ዲ7 ብንገዛ ምን ይመስልሃል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለዚህ ሥራ አይግዙ፤ ይከራዩ። አንድ ዲ7 ሥራ ላይ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ኦፕሬተር፣ ረዳት፣ ዘይት፣ ፊልትሮ ሲጨመርበት፣ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚሠራ ማሽን ብድሩን አይከፍልም። መግዛት የሚያዋጣው ዓመት ዓመት ሥራ ያለው ወይም ለጎረቤቶቹ የሚያከራይ ሰው ነው።

ስትከራዩም ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የደምቢያ ዋልካ በረጠበ ጊዜ ሰንሰለት ውስጥ ተጠቅጥቆ ማሽኑንም መሬቱንም ይጎዳል፤ ሥራው ከኅዳር ወዲህ መሬቱ ሲደርቅ ይሁን። ኦፕሬተሩ ድንጋይ ሲያነሳ የላዩን ለም አፈር ጠርጎ ዳር እንዳይከምረው ቆማችሁ ተከታተሉ። ኩሬው ላይ የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ሲያልቅ መልሳችሁ አልብሱት። ያ አፈር አንዴ ከተቀበረ የልጅ ልጆቻችሁም አያገኙትም።

ጥያቄ (ከዳባት)፦ ልጄ ነው የሚነዳው። ማሽኑ ጣሪያ የለውም። ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ፣ በጣም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙ ዶዘሮች ሲገለበጡ ኦፕሬተሩን የሚከላከል መዋቅር የላቸውም። የላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ጥላ መከላከያ አይደለም። በዳባትና በሊማሊሞ ዓይነት ተዳፋት ላይ ያለ እርሱ እንዲሠራ እኔ አልፈቅድም። ለሞዴሉ የተሠራውን መከላከያ ከነቀበቶው ፈልጉለት፤ እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ብቻ ይሥራ። አፈር የሚገፋው ብሌድ ወደ ላይ ተነስቶ ሳለ ማንም ሥሩ አይግባ። የሰንሰለቱ መወጠሪያ ውስጥ ያለው ግሪስ በከፍተኛ ግፊት የታጨቀ ስለሆነ፣ ሲለቀቅ ፊትን ከቀዳዳው ዞር አድርጎ ቀስ በቀስ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ በድጋሚ)፦ ማሽኑ አዲስ አበባ ነው። ማጓጓዣውን ሻጩ ይችላል?

መልስ፦ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አይችልም፤ አስጽፈው። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ስለዚህ የሎቤዱን (ማሽን የሚጭነውን ዝቅ ያለ ተሳቢ) የመጫን አቅምና የፍሬኑን ሁኔታ ራስህ ጠይቅ። የዲ8 ብሌድ ወደ 4 ሜትር ስለሚሰፋ ይፈታና ለብቻው ይጫን። ሲፈታ ደግሞ መግፊያ ክንዶቹና ኳሶቻቸው ስለሚጋለጡ ስንጥቅና የቆየ ብየዳ ካለ በዚያው ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ብሌዱ ተፈቶ ካየህ በኋላ አድርገው።